የሕፃናት ሥዕልና ጠባቂዎቹ

ሕፃን ልጅ ፊደል ከመቍጠሩ በፊት ይሥላል። ከሰል ቢያገኝ በግድግዳ፣ ስንጥር ቢያገኝ በመሬት ላይ ይሥላል፤ ጭቃ ቢያገኝም በጣቱ እየጠፈጠፈ ያየውን ወይም ያሰበውን ነገር ለዓይን የሚታይ ያደርገዋል። ይህን እንዲያደርግ ያስገደደው የለም፤ ደመወዝም አይጠብቅበትም። ዳሩ ግን ለሥራው ከታላላቆቹ የሚያገኘው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ «ግድግዳውን አበላሸኸው» የሚል ቍጣ፣ ወይም ፈገግ ብሎ አይቶ ወዲያው መርሳት። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለው ተረታችን ስለ ሊጥ ሲነገር እውነት ነው። ነገር ግን ይኸው ተረት ከጓዳ ወጥቶ በልጆች የጥበብ ሥራ ላይ በተፈረደ ጊዜ ብዙ ጕዳት አድርሷል። የልጅ ሥዕል የሚመዘነው ለትልቅ ሰው በሚሰጠው ጥቅም ሳይሆን ለሠራው ልጅ በሚሰጠው ዕድገት ነውና።

የዚህ ጽሑፍ አሳብ የሕፃናት የፈጠራ ስጦታ እንዴት እንደሚደፋፈር፣ ፍሬውም እንዴት እንደሚጠበቅ በአንድ እውነተኛ ታሪክ ማመልከት ነው። ማደፋፈር ማለት ለሕፃኑ ቦታ፣ ጊዜና መሣሪያ መስጠት ነው፤ መጠበቅ ማለት ደግሞ የሠራውን ከነስሙ ማስቀመጥ ነው። ብዙ ሰዎች የመጀመሪያውን የመምህር፣ ሁለተኛውን የመዝገብ ቤት ሥራ አድርገው ይለያዩአቸዋል። ከዚህ በታች የሚተረከው ታሪክ ግን ሁለቱ አንድ ሥራ መሆናቸውን ያሳያል። ነገሩ የተፈጸመው በአውሮፓ ስለሆነ፣ ሌላ ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ ሁሉ የተጻፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ስለ ሕፃናት የሥዕል ትምህርት አስቀድመው ከጻፉት ሊቃውንት መካከል አንዱ ዣን ዣክ ሩሶ ናቸው። በ1762 ዓ.ም. ባሳተሙት «ኤሚል» በተባለው መጽሐፋቸው፣ በአሳብ የፈጠሩት ተማሪያቸው የሌላ ሰው ሥዕል እየገለበጠ እንዲማር አልፈቀዱም፤ መምህሩ ተፈጥሮ፣ ምሳሌውም በዓይኑ የሚያየው ነገር ራሱ እንዲሆን ፈለጉ። ቤት ሲሥል ቤቱን፣ ዛፍ ሲሥል ዛፉን ይመልከት ማለታቸው ነው። ከዚህም ይበልጥ ለአሳባችን የሚጠቅመው፣ የልጁ ሥዕሎች በክፍሉ ግድግዳ ላይ በተራ እንዲሰቀሉ ማሰባቸው ነው። የመጀመሪያዎቹና ያልተስተካከሉት ሥዕሎች በሚያብረቀርቅ የወርቅ ቅብ ክፈፍ ይከበባሉ፤ እየተሻሻሉ የመጡት ግን ቀላል ጥቍር ክፈፍ ብቻ ይበቃቸዋል፤ ጥሩ ሥዕል ሌላ ጌጥ አያሻውምና። ልጁ ግድግዳውን ባየ ቍጥር ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ ያነብበታል። እንግዲህ የልጅን ሥዕል ማስቀመጥ ለልጁ ለራሱ ትምህርት ሊሆን እንደሚችል ከተጻፈ ከ250 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ይሁን እንጂ መጽሐፍና ትምህርት ቤት ሁልጊዜ እኩል አይራመዱም። በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት በአብዛኛው የአውሮፓ ትምህርት ቤቶች የሥዕል ትምህርት የሚሰጠው እጅና ዓይንን ለማሠልጠን፣ ይልቁንም ለፋብሪካና ለእጅ ሥራ የሚጠቅም ሠራተኛ ለማዘጋጀት ነበር። ተማሪው ቀጥተኛ መስመር፣ ማዕዘንና ክብ ከሰሌዳው ላይ እየገለበጠ ዓመቱን ይፈጽማል። ላጲሱና ማስመሪያው ከአሳቡ ይልቅ ይከበሩ ነበር። የገዛ አሳቡን መሣል እንደ ጨዋታ እንጂ እንደ ትምህርት አይቈጠርለትም ነበር፤ የተገለበጠውም ወረቀት ማርክ ከተሰጠበት በኋላ የሚፈልገው አልነበረም።

በ1887 ዓ.ም. ኮራዶ ሪቺ የተባሉ ኢጣልያዊ የጥበብ ታሪክ ዐዋቂ «የሕፃናት ጥበብ» የሚል ትንሽ መጽሐፍ በቦሎኛ ከተማ አሳተሙ። የመጽሐፉ መነሻ እጅግ ቀላል ነበር። ሪቺ አንድ ቀን ዝናብ ይዟቸው ከአንድ ደጀ ሰላም መሰል መተላለፊያ ሥር ተጠልለው ሳሉ፣ በግድግዳው ላይ ሕፃናት የሞነጫጨሩትን ሥዕል አዩ። ሌላው ሰው አይቶ የሚያልፈውን እርሳቸው ቆመው መረመሩት። በኋላም የሕፃናትን ሥዕሎች እየሰበሰቡ፣ ሕፃን የሚሥለው ዓይኑ የሚያየውን ብቻ ሳይሆን ስለዚያ ነገር የሚያውቀውን ሁሉ መሆኑን አስረዱ። በፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ሁለቱም እግሮቹ በአንድ ወገን የሚታዩት ልጁ ስለ ተሳሳተ አይደለም፤ ሰው ሁለት እግር እንዳለው ስለሚያውቅ ነው። ይህ አስተያየት ትንሽ ቢመስልም ብዙ ነገር ለውጧል፤ ከዚያ በፊት ስሕተት ይባል የነበረው ነገር የአሳብ መንገድ መሆኑ ታውቋልና።

ይህን አስተያየት ወደ ሥራ ካገቡት ሰዎች ዋናው ፍራንዝ ቺዜክ ናቸው። ቺዜክ በ1865 ዓ.ም. በቦሄሚያ ምድር ላይትሜሪትስ በምትባል ከተማ ተወለዱ፤ ቼኮች ይህችን ከተማ ሊቶምየርዢትሴ ይሏታል። የከተማይቱን ስም አንባቢ ቢያስታውሰው መልካም ነው፤ ኋላ እንመለስበታለን። ቺዜክ ወጣት ሳሉ ሥዕል ለመማር ወደ ቪየና ሄደው በአንድ አናጢ ቤት ክፍል ተከራዩ። የአናጢው ልጆችና የጎረቤት ሕፃናት ወደ ክፍላቸው እየገቡ ቀለሙንና እርሳሱን ሲለምኑ፣ ቺዜክ አልከለከሏቸውም። እንዲያውም የሚሠሩትን እየተመለከቱ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመሩ። የሰበሰቡትንም ለሠዓሊ ጓደኞቻቸው ባሳዩ ጊዜ፣ በዚያን ወቅት ቪየና ውስጥ ከአሮጌው የሥዕል ሥርዐት ለመላቀቅ ይታገሉ የነበሩት እነዚያ ሠዓሊዎች እጅግ ተደነቁ፤ ትምህርት ቤት እንዲከፍቱም አደፋፈሯቸው። ስለዚህ በ1897 ዓ.ም. ቺዜክ የሕፃናት የሥዕል ክፍል ከፈቱ።

የክፍሉ ሥርዐት ከሌላው የተለየ ነበር። ልጆቹ የሚመጡት ትምህርት በማይኖርበት ቀን፣ በገዛ ፈቃዳቸው ነው። የሚገለበጥ ምሳሌ በሰሌዳ ላይ አይሠራም። መሣሪያው እርሳስና ቀለም ብቻ ሳይሆን ወረቀት መቍረጥ፣ እንጨት መቅረጽ፣ ጭቃና ጨርቅም ነበር። መምህሩ በልጁ ሥዕል ላይ የራሳቸውን እርሳስ አያሳርፉም፤ ይልቁንም ልጁን ስለ ሥራው እየጠየቁ እንዲያስብ ያደርጉታል። ቺዜክ የሕፃንን ጥበብ የትልቅ ሰው ጥበብ ጅምር ሳይሆን ራሱን የቻለ፣ የራሱ ሕግ ያለው ጥበብ አድርገው ይቈጥሩት ነበር። በ1908 ዓ.ም. በቪየና በተደረገው ታላቅ የሥዕል ትርኢትም፣ እነ ጉስታፍ ክሊምት ሥራቸውን ባቀረቡበት አዳራሽ ውስጥ የቺዜክ ተማሪዎች ሥራ የራሱ ክፍል ተሰጠው።

ሰብስቦ ማስቀመጥ ምን ዓይነት ፍሬ እንደሚሰጥ የታየው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ቪየና በረኀብ በተጨነቀችበት ወቅት፣ ከ1920 ዓ.ም. ጀምሮ የቺዜክ ተማሪዎች ሥዕሎች ወደ እንግሊዝ አገር ተወስደው በሎንዶንና በሌሎችም ከተሞች ለሕዝብ ታዩ፤ ገቢውም በ1919 ዓ.ም. ለተቋቋመው የሕፃናት አድን ድርጅት መርጃ ሆነ። ሥዕሎቹን ያዩ የእንግሊዝ መምህራንም የአገራቸውን የሥዕል ትምህርት ማሻሻል ጀመሩ። ቺዜክ የልጆቹን ወረቀት እንደ ቆሻሻ ቢጥሉት ኖሮ ይህ ሁሉ አይሆንም ነበር። እርግጥ ነው፣ የቺዜክን ክፍል የነቀፉ ሰዎችም ነበሩ። የልጆቹ ሥዕሎች እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፤ ነፃ ናቸው ቢባልም የመምህሩ ጣዕም ሳይታወቅ ተጭኖባቸዋል አሉ። ይህ ነቀፌታ ዛሬም ለማንኛውም መምህር ማስጠንቀቂያ ይሆናል፤ መምህር በእርሳሱ ባይጽፍ እንኳ በምስጋናውና በፊቱ ሊጽፍ ይችላልና።

በቪየና የጥበብ ትምህርት ቤት በቺዜክ ሥር ከተማሩት መካከል ፍሪድል ዲከር የምትባል ልጃገረድ ነበረች። በ1898 ዓ.ም. ቪየና ውስጥ ከአይሁድ ወገን ተወለደች። እናቷ ገና በሕፃንነቷ ስለ ሞቱባት ያሳደጓት አባቷ ናቸው፤ እርሳቸውም በወረቀትና በጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ተቀጥረው የሚሠሩ ሰው ነበሩ። ፍሪድል ከቺዜክ በኋላ ከዮሐንስ ኢተን ተማረች፤ በ1919 ዓ.ም. መምህሯን ተከትላ በዚያው ዓመት በጀርመን አገር በዋይማር ወደ ተከፈተው ባውሃውስ ወደተባለው ዝነኛ የጥበብ ትምህርት ቤት ገባች። ከዚያም ወደ ቪየና ተመልሳ የቤት ዕቃና የቤት ውስጥ አሠራር እየነደፈች ስትሠራ፣ የመዋዕለ ሕፃናት መምህራንንም ሥዕል ታስተምር ነበር። በ1934 ዓ.ም. በፖለቲካ ምክንያት ታስራ ከተፈታች በኋላ ወደ ፕራግ ተሰደደች፤ በ1936 ዓ.ም. ፓቬል ብራንዳይስን አገባች። በፕራግም ከናዚዎች የሸሹ ስደተኞችን ልጆች ሰብስባ ሥዕል አስተማረች።

አሁን ወደ ላይትሜሪትስ እንመለስ። ከቺዜክ የትውልድ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ከኤልበ ወንዝ ማዶ፣ ቴሬዚን የምትባል የምሽግ ከተማ አለች። ንጉሠ ነገሥቱ ዮሴፍ ሁለተኛ ከ1780 ዓ.ም. ጀምሮ አሠርተው በእናታቸው በማርያ ቴሬዛ ስም የሰየሟት ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ናዚዎች ይህችን ምሽግ አይሁድን አጉረው ወደ ሞት ሥፍራ የሚያስተላልፉባት ጣቢያ አደረጓት። ከኅዳር 1941 ዓ.ም. እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ድረስ ከ140,000 በላይ ሰዎች ተግዘውባታል። 33,000 ያህሉ በረኀብና በበሽታ እዚያው ሞቱ፤ ከ87,000 በላይ የሚሆኑትም ወደ ምሥራቅ፣ ይልቁንም ወደ አውሽቪትዝ ተወሰዱ። ለሕፃናት ጥበብ የመጀመሪያውን በር የከፈቱት ሰው በተወለዱበት አገር፣ ከቤታቸው በእግር በሚደረስበት ሥፍራ፣ ሕፃናት ለሞት ተራ ይጠብቁ ነበር።

ወይዘሮ ፍሪድልና ባለቤታቸው በታኅሣሥ 1942 ዓ.ም. ወደ ቴሬዚን ተጋዙ። ለአንድ ሰው የተፈቀደው ጓዝ 50 ኪሎ ብቻ ነበር። ሌላው ሰው ልብስና ምግብ ሲቋጥር፣ ወይዘሮ ፍሪድል ከጓዛቸው ብዙውን ለወረቀትና ለቀለም አደረጉት። በቴሬዚን ልጆች በልዩ ልዩ የሕፃናት ቤቶች ተለይተው ይኖሩ ነበር። ለአይሁድ ልጆች መደበኛ ትምህርት መስጠት የተከለከለ ሲሆን፣ ሥዕልና የእጅ ሥራ ግን እንደ ጊዜ ማሳለፊያ ተቈጥሮ ይታለፍ ነበር። ወይዘሮ ፍሪድል በዚህች ጠባብ ቀዳዳ ገብተው እስከ 1944 ዓ.ም. መጸው ድረስ ከ600 የሚበልጡ ሕፃናትን አስተማሩ።

ያመጡት ወረቀት ብዙም ሳይቈይ አለቀ። ከዚያ በኋላ የሚሠራበት የጽሕፈት ቤት ቅጽ ጀርባ፣ የመጠቅለያ ወረቀትና የተገኘው ቁራጭ ሁሉ ነበር። ቀለም ሲያልቅ ልጆቹ ባለ ቀለም ወረቀት እየቀደዱና እየለጠፉ ሥዕል ሠሩ። መምህርቷ አንዳንድ ጊዜ በእጃቸው ምት እየሰጡ ልጆቹ በምቱ መጠን መስመር እንዲያሰምሩ ያደርጉ ነበር፤ ይህም የተጨነቀን እጅና አሳብ ለማፍታታት ነው። አንዳንድ ጊዜ አንድ ዕቃ በጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው እንዲመለከቱት ያደርጋሉ። ሌላ ጊዜ ደግሞ የፈለጉትን እንዲሥሉ ይተዉአቸዋል። ልጆቹ የሣሏቸው ነገሮች ዛሬ ሲታዩ የተኙባቸው ባለ ብዙ ደርብ አልጋዎችና ጠባቂዎች አሉባቸው፤ ነገር ግን ይበልጥ የሚታዩት የትውልድ ቤታቸው፣ አበባ፣ ቢራቢሮ፣ መርከብና በበዓል ቀን ቤተ ሰብ የከበበው ማዕድ ነው።

በ1943 ዓ.ም. ወይዘሮ ፍሪድል በዚያው በግዞቱ ውስጥ ስለ ሕፃናት ሥዕል ለመምህራን ንግግር አድርገዋል። የንግግራቸው ዋና አሳብ፣ የሥዕል ትምህርት ልጆችን ሁሉ ሠዓሊ ለማድረግ ሳይሆን፣ በውስጣቸው ያለውን የመፍጠር ኀይል ለመክፈት፣ ራሳቸውን የቻሉ፣ አስተዋዮችና አሳበ ሰፊዎች እንዲሆኑ ለመርዳት መሆኑን የሚያስረዳ ነበር። ትልቅ ሰው የራሱን መንገድ በልጁ ላይ ቸኵሎ ቢጭንበት፣ የልጁን ዓለም የሚያይበትን መስኮት በገዛ እጁ ይዘጋዋል ሲሉም አስጠንቅቀዋል። ይህ አሳብ ከቺዜክ የተወረሰ ነው፤ ነገር ግን በረኀብና በፍርሃት መካከል ሲነገር ክብደቱ ሌላ ነው። በነፃነት አገር የሕፃን ነፃነት መልካም ነገር ነው፤ በግዞት አገር ግን ከቀሩት ነፃነቶች የመጨረሻው ነበር።

አሁን የታሪኩን ዋና ነጥብ እናንሣ። ወይዘሮ ፍሪድል ልጆቹ እያንዳንዱን ሥዕል በስማቸው እንዲፈርሙበት ያደርጉ ነበር፤ በብዙዎቹም ላይ ዕድሜና የመኖሪያ ክፍል ቍጥር ተጽፎባቸዋል። በቴሬዚን እያንዳንዱ እስረኛ የማጓጓዣ ቍጥር ተሰጥቶት በቍጥሩ ይመዘገብ ነበር። በዚያች ወረቀት ጥግ ላይ ግን ሕፃኑ ቍጥር ሳይሆን ስም ያለው ሰው፣ የዚያም ሥራ ባለቤት ነበር። መምህርቷ ሥዕሎቹን ሰብስበው በጥንቃቄ አስቀመጡ፤ በዚያው በግዞቱም ውስጥ አንድ ትርኢት አዘጋጅተው ለሌሎች አሳዩ።

በ1944 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ባለቤታቸው ፓቬል ወደ አውሽቪትዝ ተወሰዱ። ወይዘሮ ፍሪድል ባለቤታቸውን ለመከተል ሲሉ በፈቃዳቸው ለቀጣዩ ጉዞ ተመዘገቡ፤ በጥቅምት 6 ቀን ከቴሬዚን ወጡ፤ በጥቅምት 9 ቀንም በአውሽቪትዝ ተገደሉ። ባለቤታቸው ፓቬል ግን ከሞት ተርፈዋል። ወይዘሮ ፍሪድል ከመሄዳቸው በፊት 4,500 ያህል የልጆች ሥዕሎችን በሁለት ሻንጣ አኑረው ነበር። የራሳቸውን ሕይወት ለማዳን ያልቻሉ ሰው የልጆቹን ወረቀት አዳኑ። ጦርነቱ ባለቀ ጊዜ፣ በ1945 ዓ.ም. በነሐሴ ወር፣ የልጃገረዶቹ ቤት ኀላፊ የነበሩት ቪሊ ግሮግ ሻንጣዎቹን ወደ ፕራግ ወስደው ለአይሁድ ማኅበር አስረከቡ።

ሥዕሎቹ ዛሬ የሚገኙት በፕራግ የአይሁድ ሙዚየም ውስጥ ነው። በዚያው ከተማ በፒንካስ ምኵራብ ግድግዳዎች ላይ ከቦሄሚያና ከሞራቪያ ምድር ተወስደው የጠፉ ወደ 80,000 የሚጠጉ ሰዎች ስም ተጽፎ ይነበባል፤ ከሥዕሎቹም ጥቂቶቹ ለጐብኚ የሚታዩት እዚያው ነው። በ1959 ዓ.ም. ከሥዕሎቹና ከልጆቹ ግጥሞች የተመረጡት በመጽሐፍ ታትመው፣ በኋላ በልዩ ልዩ ቋንቋ ተተርጕመዋል። በሥዕሎቹ ላይ የተጻፈውን ስም ከተጋዦች መዝገብ ጋር ያመሳከሩ ሊቃውንት አብዛኞቹ ልጆች መገደላቸውን አረጋግጠዋል። ለብዙዎቹ ከዚህች ወረቀት በቀር በምድር ላይ የቀረ የእጅ ሥራ የላቸውም። ስማቸው ባይጻፍ ኖሮ ሥዕሎቹ የማይታወቁ ልጆች ሥራ ይሆኑ ነበር፤ ሥዕሎቹ ባይጠበቁ ኖሮ ስሞቹ በመዝገብ ላይ ከተደረደሩ ፊደላት የበለጠ አይሆኑም ነበር። ስሙና ሥዕሉ አብረው ስለ ቈዩ ግን፣ አንዲት የዐሥር ዓመት ልጅ ቢራቢሮን እንዴት እንዳየችው ዛሬ እኛ እናያለን።

ከወይዘሮ ፍሪድል የተማሩት ሰዎችም የመምህርታቸውን አሳብ ጠብቀውታል። ከእነርሱ አንዷ በቪየና በ1916 ዓ.ም. የተወለዱት ኤዲት ክራመር ናቸው። በፕራግ የስደተኞቹን ልጆች ሲያስተምሩ መምህርታቸውን ረድተዋል፤ ሥዕል የተጨነቀን ልጅ እንዴት እንደሚያረጋጋ ያዩት እዚያ ነው። በ1938 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ተሻግረው በኒውዮርክ ችግር ከደረሰባቸው ልጆች ጋር ሠሩ፤ በ1958 ዓ.ም. ስለዚሁ ሥራ መጽሐፍ አሳትመው፣ በሥዕል አማካይነት የተጐዳ መንፈስን የማከም ሙያ ከመሠረቱት ሰዎች አንዷ ለመባል በቁ። እስከ 2014 ዓ.ም. በሕይወት ነበሩ። እንዲህ ሲሆን፣ በአንድ አናጢ ቤት የተጀመረው ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል።

ይህን ሁሉ መተረካችን የአገራችንን ልጆች ኑሮ ከዚያ መከራ ጋር ለማመሳሰል አይደለም። መማሪያው ሌላ ነው። በእንዲያ ያለ ሥፍራ አንዲት መምህርት በቅጽ ጀርባ ላይ ይህን ያህል ከሠሩ፣ በሰላም አገር የተቀመጥን መምህራን፣ ወላጆችና የመንግሥት ሠራተኞች ምን ምክንያት እናቀርባለን? ደግሞም ለልጅ ጥበብ እንግዶች አይደለንም። በእንቁጣጣሽ ቀን ወንዶች ልጆች አበባ፣ ፀሐይ፣ ወፍና መልአክ በወረቀት ሥለው፣ በቀለም አሸብርቀው በየጎረቤቱ ያበረክታሉ፤ ታላላቆችም መርቀው ሳንቲም ይሰጧቸዋል። ልጆች በራሳቸው እጅ የሠሩትን ሥዕል ኅብረተሰቡ በደስታ ተቀብሎ ዋጋ የሚሰጥበት ቀን ያለን መሆኑ የሚያኰራ ነው። በእረኝነት የሚውሉትም ልጆች ከጭቃ የሚሠሯቸው ላሞችና በሬዎች፣ ቀንዳቸውና ሻኛቸው ሳይቀር፣ ከብቱን ቀኑን ሙሉ የተመለከተ ዓይን ምን ያህል እንደሚያስተውል ያስረዳሉ።

ማደፋፈሩ እንግዲህ በባህላችን አለ፤ የጐደለው መጠበቁ ነው። የእንቁጣጣሹ ሥዕል ከመስከረም ሳይወጣ የት እንደ ደረሰ አይታወቅም። የሠራው ልጅ ስሙን አልጻፈበትም፤ የተቀበለውም ሰው አልጠየቀውም። አሁን አሁን ደግሞ በእጅ ከተሣለው ይልቅ የታተመ ሥዕል ገዝቶ ማዞር እየተለመደ መጥቷል። ልጁ በዚህ አይወቀስም። በእጁ የሠራውም የገዛውም እኩል ሳንቲም የሚያስገኙለት ከሆነ፣ ስለ ምን ይደክማል? ለእጅ ሥራ የተለየ ክብር መስጠት የእኛ የታላላቆቹ ፈንታ ነው።

ለዚህም የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም። አንደኛ፣ በየመሥሪያ ቤቱ በአንድ ገጹ ብቻ የተጻፈበት፣ ጊዜው ያለፈና ምሥጢር የሌለበት ወረቀት በየዓመቱ ይወገዳል። በመዝገብ ቤት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ከማንም ይበልጥ እናውቃለን። ይህ ወረቀት በኀላፊ ፈቃድ እየተመረጠ በአቅራቢያ ላለ መዋዕለ ሕፃናት ወይም አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቢሰጥ፣ ንጹሑ ጀርባው ለብዙ ልጆች የሥዕል ደብተር ይሆናል። ሁለተኛ፣ መምህሩ በልጁ ሥዕል ላይ የራሱን እርሳስ አያሳርፍ፤ «ላም እንዲህ አይደለችም» ከማለት ይልቅ «ላሚቱ ወዴት ትሄዳለች?» ብሎ ይጠይቅ። «ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ» እንደተባለ፣ የልጅንም ሥዕል ሲወዱ ከነጕድለቱ ነው።

ሦስተኛ፣ በእያንዳንዱ ሥዕል ጀርባ የልጁ ስም፣ ዕድሜውና ቀኑ ይጻፍ፤ ልጁ ስለ ሥዕሉ የተናገረውም ቃል በአንድ መስመር ይመዝገብ። መጻፍ ለማይችለው መምህሩ ወይም ወላጁ ይጻፍለት። አራተኛ፣ ክፍሉ አንድ ሣጥን ወይም ፋይል ይኑረው። ሁሉንም ወረቀት ማስቀመጥ ባይቻል፣ ከእያንዳንዱ ልጅ በዓመት ሦስት ወይም አራት ሥዕል ይመረጥ፤ አንዱን ልጁ ራሱ ይምረጠው። ሣጥኑም እርጥበትና አይጥ በማይደርስበት ሥፍራ ይቀመጥ። ልጁ ትምህርት ቤቱን ሲለቅ ሥዕሎቹ በዓመታቸው ተራ ተሰክተው ይመለሱለት። ያን ጊዜ ሩሶ በግድግዳ ላይ ያሰቡትን ነገር ልጁ በእጁ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል።

ምናልባት «ሥዕል እንጀራ አይሆንም፤ ልጁ ሒሳቡን ይማር» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ሒሳቡንማ ይማር። ነገር ግን አስተውሎ ያልተመለከተ፣ አስቦ ያልፈጠረ አእምሮ በሒሳቡም ቢሆን ከመገልበጥ አያልፍም። ደግሞም ይህ ነገር ዛሬ የበጎ ፈቃድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በ31ኛው አንቀጹ ሕፃን ልጅ በጨዋታ፣ በባህልና በኪነ ጥበብ ሕይወት በነፃ የመሳተፍ መብት እንዳለው ደንግጓል፤ ኢትዮጵያም በ1991 ዓ.ም.፣ በእኛ አቆጣጠር በ1983 ዓ.ም.፣ ይህን ስምምነት ተቀብላለች። መብቱ በወረቀት ላይ ተጽፏል። ለሕፃኑ የሚደርሰው ግን ሌላ ባዶ ወረቀት፣ አንድ እርሳስና የሚጠብቅለት ሰው ሲያገኝ ነው።

ከልጆቻችን መካከል ማን ሠዓሊ፣ ማን ሐኪም፣ ማን ገበሬ እንደሚሆን አናውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገንም። በቴሬዚን የነበሩት መምህርት ልጆቹ ነገ መኖራቸውን እንኳ ሳያውቁ ስማችሁን ጻፉ አሏቸው። እኛ ግን ልጆቻችን ነገ እንዲያድጉ ተስፋ የምናደርግ ሰዎች ነን። ስለዚህ በሚቀጥለው መስከረም አንድ ልጅ ሥዕሉን ይዞ ደጃችን ላይ ሲቆም፣ ሳንቲሙን ከመስጠታችን በፊት እርሳስ አቀብለን ስሙን እንዲጽፍበት እናድርግ፤ ከሄደም በኋላ ወረቀቱን በመጽሐፍ መካከል እናኑርለት።